የቲሞች ባሉበት ቤት ንግድ ሲጀመር፦ ስለ ሒሳብ መዝገብና ስለ በጀት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ከአረካ ገበያ የመነጨ ነው። አረካ የቦሎሶ ሶሬ ወረዳ ማዕከል ስትሆን ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ቡናው፣ ዝንጅብሉ፣ ጎደሬውና ቅቤው የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ባሎቻቸውን በሞት ያጡ እናቶች ከወርኃዊ ድጋፍ ተላቀው የቲም ልጆቻቸውን በራሳቸው ላብ ለማሳደግ አነስተኛ ንግድ ሲጀምሩ እናያለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ብዙዎቹ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «ከጠዋት እስከ ማታ እሸጣለሁ፤ ገበያም አልጎደለብኝም፤ ገንዘቡ ግን የት እንደሚገባ አላውቅም።»

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «የሰው ዓይን በልቷት ነው» ይላሉ። ዓይን እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የሰውን ዓይን ከመጠርጠር በፊት ደብተርን መጠየቅ ይቀድማል። ደብተር ከሌለ ደግሞ የሚጠየቅ የለም። ስለዚህ ዛሬ የምንማረው የገቢና ወጪ አመዘጋገብን እና በጀት ማውጣትን ነው።

1. ያልተጻፈ ሀብት ለልጅ አይደርስም

በልጅነታችን በሰፈራችን አንድ ደግ ነጋዴ ነበሩ። ለጎረቤቱ ሁሉ ዱቤ ይሰጣሉ፤ ማን ስንት እንዳለበትም በቃላቸው ያውቃሉ። ሰው ሁሉ በማስታወስ ችሎታቸው ይደነቅ ነበር። አንድ ቀን በድንገት ታመው በሦስተኛው ቀን ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከቀብር በኋላ ዕቃ በብድር የሰጧቸው የከተማ ነጋዴዎች ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፤ በወረቀቱም መሠረት ተከፈላቸው። ከሟቹ የተበደሩት ግን በጣት የሚቆጠሩት ብቻ መጡ። ያልመጡትን ሁሉ ከዳተኛ ማለት አይቻልም፤ ስንት እንደነበረባቸው እነርሱም ረስተውት ሊሆን ይችላል። ሱቁ ግን ባዶ ሆነ። ከልጆቻቸው አንዱ የመድረሳ ጓደኛችን ነበር። እርሱም በዚያው ዓመት ሉሑን አስቀምጦ በገበያ ተሸካሚ ሆነ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ለዚያ ልጅ ሊወረስለት የሚገባው ሀብት ነበር፤ የጠፋው ሀብቱ ሳይሆን ጽሑፉ ነው።

በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ በርዝመቱ ቀዳሚ የሆነው አንቀጽ፣ ማለትም የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ የሚናገረው ስለ ብድር ውል አጻጻፍ መሆኑን ልብ እንበል። ገንዘቡ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው ከመጻፍ እንዳንሰለች ያሳስበናል። በሱረቱ አን-ኒሳእ በተደነገገው የውርስ ሥርዓትም የሟች ዕዳ ሳይከፈል ንብረቱ ለወራሾች አይከፋፈልም። እንግዲህ ዕዳውና ተሰብሳቢው ካልተጻፈ ሟቹ ከዕዳው ነፃ መሆኑ፣ የቲሙም ድርሻውን ማግኘቱ በምን ይታወቃል?

2. ሦስቱ ኪሶች

የመጀመሪያው ትምህርት ገንዘብን መለየት ነው። የቲሞች ባሉበት ቤት ገንዘብ ሦስት ዓይነት ነው፤ የሱቁ፣ የቤቱና የልጆቹ። የሱቁ ገንዘብ ዕቃ የሚገዛበትና የንግዱ ወጪ የሚሸፈንበት ነው። የቤቱ ገንዘብ ለምግብ፣ ለሳሙና፣ ለኪራይና ለሕክምና የሚውለው ነው። የልጆቹ ገንዘብ ከአባታቸው የወረሱት ወይም ለጋሾች በስማቸው የሰጡት ነው። እነዚህ ሦስቱ በሦስት ቆርቆሮ፣ በሦስት ከረጢት ወይም በተለያየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጡ። መያዣው ምንም ይሁን ምን መለየታቸው ግን ግዴታ ነው።

ሱቁ የእናትየዋ ቢሆንም በሱቁ ሣጥን ውስጥ ያለው ገንዘብ ሁሉ የዕለት አስቤዛዋ አይደለም። ስለዚህ ሱቁ ለእናትየዋ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የተወሰነ ደመወዝ ይክፈላት፤ ከዚያ ውጭ እጇን ወደ ሣጥኑ አትስደድ። ከሱቁ አንድ ኪሎ ስኳር ወደ ቤት ቢገባ በመግዣ ዋጋው ተተምኖ «ለቤት» ተብሎ ይጻፍ፤ ከደመወዟም ይታሰብ። እንግዳ ሲመጣ፣ ልጅ ሲታመም፣ ለቅሶ ሲደርስ ከሣጥኑ የሚነሣው ገንዘብ የተከለከለ አይደለም፤ ሳይጻፍ መነሣቱ ግን ንግዱን ይገድለዋል።

የልጆቹ ገንዘብ ደግሞ ከሁሉም የከበደ አማና ነው። የየቲምን ገንዘብ በግፍ መብላት ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ የማያውቅ ሙስሊም የለም። በሌላ በኩል ሱረቱል በቀራ በ220ኛው አንቀጽ የየቲሞችን ጥቅም በማሰብ ኑሮን ከእነርሱ ጋር መቀላቀልን ይፈቅዳል። አብሮ በመኖርና ገንዘባቸውን በመብላት መካከል ያለውን ድንበር አላህ ያውቀዋል፤ ለሰው የሚያሳየው ግን መዝገብ ነው። ከልጆቹ ገንዘብ ለንግዱ መነሻ የገባ ካለ መጠኑ፣ ቀኑና የትርፍ ድርሻው ከሥራው በፊት በምስክር ፊት ይጻፍ። የአከፋፈሉን ዝርዝር ዐሊሞችን መጠየቅ ይገባል።

3. አንድ ደብተር፣ ሦስት ክፍል

ብዙ ሰው የሒሳብ መዝገብ ሲባል የተማረ ሒሳብ ሠራተኛ የሚጠይቅ ይመስለዋል። ለአነስተኛ ንግድ ግን አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ደብተሩ በሦስት ይከፈላል።

ሀ/ የዕለት ገቢና ወጪ። ገጹ በመስመር ተከፍሎ ቀን፣ ዝርዝር፣ ገቢ፣ ወጪ እና ቀሪ የሚሉ አምስት ዐምዶች ይኖሩታል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ በሣጥኑ ያለው ጥሬ ገንዘብ ይቆጠርና ደብተሩ «ቀሪ» ብሎ ከሚያሳየው ጋር ይነጻጸራል። ልዩነት ከተገኘ ሳይሸፋፈን «ጉድለት» ወይም «ብልጫ» ተብሎ ይጻፋል። በእርሳስ አይጻፍ፤ ገጽም አይቀደድ። ስሕተት ሲገኝ በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይሰፍራል። የግዥ ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ ውስጥ በየወሩ ይቀመጣል።

ለ/ የዱቤ መዝገብ። በአንድ በኩል ከእኛ የወሰዱ፣ በሌላ በኩል እኛ የወሰድንባቸው ሰዎች ይጻፋሉ። ስም፣ ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ የገንዘቡ መጠን፣ የመክፈያው ቀንና የተበዳሪው ፊርማ ወይም ምስክር ይስፈሩ። ጎረቤትን «ፈርሚልኝ» ማለት የሚያሳፍራት እናት ካለች፣ ይህ አለመተማመን ሳይሆን የዲናችን ሥርዓት መሆኑን በትሕትና ታስረዳ።

ሐ/ የዕቃ ቆጠራ። በወሩ መጨረሻ በሱቁ የቀረው ዕቃ አንድ በአንድ ተቆጥሮ በመግዣ ዋጋው ይተመናል። በመሸጫ ዋጋ የሚተምን ሰው ገና ያላገኘውን ትርፍ እንዳገኘ ቆጥሮ ራሱን ያታልላል።

4. ትርፉ የት ገባ? በምሳሌ እንየው

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስተማሪያ የወሰድናቸው ናቸው። አንዲት እናት በአረካ ቡና፣ በርበሬና ዝንጅብል በችርቻሮ ለመሸጥ በ30,000 ብር ጀመረች እንበል። በ6,000 ብር ሚዛንና መደርደሪያ፣ በ20,000 ብር ዕቃ ገዛች፤ 4,000 ብር በሣጥን አስቀመጠች።

በመጀመሪያው ወር በጥሬ ገንዘብ 31,000 ብር፣ በዱቤ 5,000 ብር፣ በድምሩ 36,000 ብር ሸጠች። ተጨማሪ የ25,000 ብር ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ገዛች። ለቦታ ኪራይ 1,500፣ ለመጓጓዣና ለተሸካሚ 1,200፣ ለማሸጊያ 300፣ በድምሩ 3,000 ብር አወጣች። ለቤቷ 4,000 ብር ወሰደች። በወሩ መጨረሻ ዕቃው ሲቆጠር 17,000 ብር ሆነ።

ሣጥኑን ስትከፍት ያገኘችው 3,000 ብር ብቻ ነው። ወሩን ስትጀምር 4,000 ነበረ። ዕቃውም ከ20,000 ወደ 17,000 ወርዷል። ይህችን እናት «ከሰርሁ» ብላ ብታለቅስ ማን ይፈርድባታል?

ደብተሩ ግን ሌላ ይናገራል። የመጀመሪያው ዕቃ 20,000 እና በወሩ የተገዛው 25,000 ሲደመር 45,000 ነው። ከዚህ የቀረው 17,000 ሲቀነስ፣ የተሸጠው ዕቃ መግዣው 28,000 ብር ነበር ማለት ነው። በ36,000 ስለተሸጠ የ8,000 ብር ልዩነት ተገኝቷል። ወጪው 3,000 ሲቀነስ 5,000 ይቀራል። ሚዛኑና መደርደሪያው አምስት ዓመት ያገለግላሉ ብንል በየወሩ 100 ብር ያህል ያረጃሉ፤ ይህ የእርጅና ቅናሽ ይባላል። እሱም ሲነሣ የወሩ የተጣራ ትርፍ 4,900 ብር ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ነው? እንደምር። በሣጥን 3,000፣ በዕቃ 17,000፣ በሰው እጅ ያለ ዱቤ 5,000፣ ሚዛንና መደርደሪያ 5,900፤ በጠቅላላው 30,900 ብር። ሀብቷ በ900 ብር አድጓል፤ ይህም ከትርፏ 4,900 ለቤቷ የወሰደችው 4,000 ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ሒሳቡ ልክ ገጠመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልብ እንበል። በሰው እጅ ያለው 5,000 ብር ከወሩ ትርፍ በሙሉ ይበልጣል። ስለዚህ የዱቤው መዝገብ ከጠፋ ወይም ካልተጻፈ የወሩ ድካም ሁሉ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ነው። «ገንዘቡ የት ገባ?» ለሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት መልሱ ይኸው ነው፤ ገንዘቡ ጎረቤት ጋ ነው ያለው።

5. በጀት፦ አስቀድሞ መቁጠር

መዝገብ ያለፈውን ይነግረናል፤ በጀት የሚመጣውን ያዘጋጃል። በወላይታ በጀት ባዕድ ነገር አይደለም። ለጊፋታ በዓል ሰንጋ የሚያርዱ ጎረቤቶች ወራት አስቀድመው ተቧድነው ሲቆጥቡ፣ ሴቶችም ለቅቤ የሚሆነውን ሲያጠራቅሙ አይተን አድገናል። በጀት ማለት የሚፈለገውን ቀን አስቀድሞ አይቶ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ በየሳምንቱ የሚቀመጠውን መወሰን ነው። በዓሉን የሚያውቅ ሕዝብ ሱቁንም እንዲሁ ሊያውቅ ይችላል።

የምሳሌያችን እናት ለሁለተኛው ወር እንዲህ ልታቅድ ትችላለች። በጥሬ ገንዘብ 32,000 ብር እሸጣለሁ፤ ከዱቤው 3,000 ብር እሰበስባለሁ፤ ድምር 35,000 ብር። ለዕቃ 27,000፣ ለሱቁ ወጪ 3,000፣ ለቤቴ ደመወዝ 3,500፣ ለመጠባበቂያ 1,000፤ ድምር 34,500 ብር። ቀሪው 500 ብር በሣጥኑ ላይ ይጨመራል። አዲስ ዱቤ ከ2,000 ብር አይበልጥም። ደመወዟን በ500 ብር መቀነሷን ልብ በሉ፤ ባለፈው ወር ሣጥኑ ለምን እንደሳሳ ደብተሩ ስላሳያት ነው። በወሩ መጨረሻ ዕቅዱና የሆነው ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ የተለያዩበትም ምክንያት በአንድ መስመር ይገለጻል።

በጀት ሲወጣ ወቅትን ማየት ያስፈልጋል። አዝመራ ሳይደርስ ባሉት ወራት ዱቤ ጠያቂው ይበዛል፤ ጥሬ ገንዘብ ይሳሳል። በተጨማሪም የእኛ ረመዷንና ዒድ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድመው ይመጣሉ። አምና ረመዷን በዋለበት ሳምንት ዕቃ የሚያከማች ነጋዴ ዘንድሮ ይዘገያል። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ቢጻፉ መልካም ነው።

መጠባበቂያውን ማንም አይናቅ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወላይታንና ከምባታን ጨምሮ በደቡብ የሀገራችን ክፍል የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የዝንጅብል ማሳዎችን አወደመ። በዝንጅብል ብቻ የሚኖር ገበሬም ነጋዴም ገበያው በድንገት ደረቀበት። እንዲህ ያለውን የአላህ ውሳኔ ማንም በደብተር አይመልሰውም። ነገር ግን ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ዕቃ ላይ ያላፈሰሰና ጥቂት መጠባበቂያ ያለው ሰው በሌላ ዕቃ ሊቀጥል ይችላል። ግመልን አስሮ በአላህ መመካት የተማርነው አደብ ነው።

6. መጻፍ ለማይችሉ እናቶች

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም» የምትል እናት ተስፋ አትቁረጥ። የበቀራው አንቀጽ ራሱ ማጻፍ ለማይችል ሰው ኃላፊው በትክክል እንዲያጽፍለት ያዝዛል። ቀን ቀን ሽያጩን በቃሏ ይዛ፣ ማታ ከመግሪብ በኋላ ትልቁ ልጇ ይጻፍላት፤ ጽፎም ጮክ ብሎ ያንብብላት።

ይህ ለልጁም ትልቅ ትምህርት ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ በ6ኛው አንቀጽ ገንዘባቸውን ከማስረከብ በፊት የቲሞችን እንድንፈትን ያዝዛል። ከዑለማእ ብዙዎች ፈተናው ጥቂት የንግድ ሥራ በእጃቸው ሰጥቶ አያያዛቸውን ማየት እንደሆነ ገልጸዋል። የእናቱን ደብተር በአሥራ ሁለት ዓመቱ የጻፈ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ርስቱን እንዴት እንደሚይዝ አይጨነቅም። በርክክቡም ዕለት ምስክር እንዲቆም ታዟል፤ ለዚያ ቀን ምስክሮቹ ፊት የሚዘረጋው ይኸው ደብተር ነው።

7. ግብር፣ ባንክና ዘካ

ደብተሩ ከሱቁ ውጭም ይጠቅማል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በአነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ «ከአቅማችን በላይ ተገመተብን» የሚል ቅሬታ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ተነሥቶ፣ በአንዳንድ ቦታም ሱቆች እስከ መዘጋት ደርሰው ነበር። ግምት የሚመጣው መዝገብ በሌለበት ነው። ደብተር ያለው ሰው ቅሬታውን በቁጥር ያቀርባል፤ የሌለው ግን በመሐላ ብቻ ይከራከራል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ፣ አዲስ ነጋዴ ሁሉ በየትኛው ደረጃ እንደሚመደብና ምን ዓይነት መዝገብ እንደሚጠየቅ በአካባቢው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይጠይቅ።

ከወለድ ለመራቅ ለሚሻም በሩ ከቀድሞው ሰፍቷል። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑት ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ። በሽርክና ወይም በሽያጭ ውል ገንዘብ የሚያቀርብ ወገን ግን ንግዱ ምን እንደሚያስገባ ማወቅ ይፈልጋልና ደብተር ይጠይቃል።

ዘካም ያለ ሒሳብ አይወጣም። የንግድ ሀብት ኒሷብ ከሞላና የጨረቃ ዓመት ከዞረበት ከአርባ አንድ እጅ ይወጣል። የሚታሰበው በጥሬ ገንዘቡና ለሽያጭ በቀረበው ዕቃ ላይ ሲሆን ሚዛኑና መደርደሪያው አይታሰቡም። በሰው እጅ ስላለው ዱቤና ስለ ዕዳ ዐሊሞችን መጠየቅ ይገባል። ንግዷ ገና ያላደገች እናት ዘካ ተቀባይ ልትሆን ትችላለች፤ መቼ ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት እንደተሻገረች የሚነግራት ግን ደብተሯ ነው።

8. ለለጋሽ ወንድሞችና እህቶች

ለመነሻ ገንዘብ ስትሰጡ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከተቻለም የሁለት ቀን ሥልጠና አብራችሁ ስጡ። ወር ሲሞላ ጎብኙ፤ ነገር ግን እናትየዋን በሰው ፊት እንደ ተከሳሽ አትጠይቋት። ደብተሩ የእርሷ ነው፤ የሚጠቅመውም ለእርሷና ለልጆቿ ነው። ኪሳራ አይታችሁ ብትገኙ አትቆጡ። ኪሳራን በግልጽ የሚያሳይ ደብተር የት እንደሚታረም ያመለክታል፤ ያልተጻፈ ትርፍ ግን መኖሩም አይታወቅም። እኛም በማኅበራችን ከእናቶች የምንጠይቀውን መዝገብ አስቀድመን በራሳችን ላይ ልንፈጽመው ይገባል።

ለመልመጃ ያህል በቤታችሁ ተሰብስባችሁ እነዚህን ተነጋገሩባቸው፦

1ኛ/ ዛሬ አላህ ቢወስደን ማን ስንት እንዳለብንና ስንት እንዳለን ልጆቻችን ከየት ያገኙታል?
2ኛ/ በቤታችን የየቲም ገንዘብ አለን? ከእኛው በምን ተለይቷል?
3ኛ/ በሰው እጅ ያለው ዱቤያችን ከወር ትርፋችን ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

ያ የመድረሳ ጓደኛችን በኋላ በላቡ ቤተሰብ መሥርቶ ልጆቹን አስተምሯል፤ አልሐምዱሊላህ። የአባቱን ደግነት ሁልጊዜ ያነሣል፤ እርሱ ራሱ ግን ለጎረቤት አንድ ብርጭቆ ስኳር እንኳ ሳይጽፍ አይሰጥም። «አባቴ ለሁሉም ሰጡ፤ ለእኛ መጻፍ ብቻ ረሱ» ይላል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሥራችንን በረካ ያለው፣ አማናችንንም የተጠበቀ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።